ከካርቱም የወጣ ምድጃ

ካርቱም ውስጥ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሻይና ቡና የምትሸጥ ሴት ማድ ቤቷ በሁለት እጅ ተይዞ የሚነሣ ነበር። ከላሜራ የተሠራ ትንሽ የከሰል ምድጃ፣ ሱዳኖች «ካኑን» የሚሉት፤ አንድ ማንቆርቆሪያ፤ አንድ ጀበና፤ ስኳሩ፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ዝንጅብሉና ቅርንፉዱ የሚቀመጡባቸው ጣሳዎች፤ ጥቂት ብርጭቆዎችና ስኒዎች፤ ለደንበኛ የሚሆኑ «ባንበር» የተባሉ አጫጭር መቀመጫዎች። እንዲህ ያለችውን ሴት ሱዳኖች «ሲት አሻይ» ይሏታል፤ የሻይ እመቤት እንደ ማለት ነው። ብዙዎቹ ጦርነትና ችግር ከቀያቸው ያፈናቀላቸው የአገሩ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ከመካከላቸው ጥቂት አልነበሩም።

የዕቃው ማነስ የድህነት ምልክት ብቻ ተደርጎ ይታይ እንደ ሆነ ስሕተት ነው። ዕቃውን ያሳነሰው «ከሻ» ነበር። ከሻ ማለት ደንብ አስከባሪዎች በጭነት መኪና ድንገት ደርሰው ምድጃውንም፣ ጀበናውንም፣ መቀመጫውንም ጭነው የሚሄዱበት አፈሳ ነው። ዕቃዋ የተወሰደባት ሴት ለማስመለስ መቀጫ ትከፍላለች፤ ወይም እንደ አዲስ ትገዛለች። የሻይና የምግብ ሻጮቹን ሴቶች በማኅበር ያደራጀችው ሱዳናዊቷ አዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ በ2008 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት ከአሜሪካ መንግሥት የተቀበለችው ይህንኑ ግፍ በመታገሏ ነው። ሴቶችን ሲያሳድድ የኖረው የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግም በኅዳር 2012 ዓ.ም. ተሻረ። እስከዚያው ግን ሻይ ሻጮቹ ዕቃ ሲገዙ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ይህን ይዤ መሮጥ እችላለሁን?» ለሽርሽር የሚወጣ ሰው ምድጃ ሲመርጥ ይህን ያህል አይጨነቅም።

በዴም ሰፈር የምትኖር አንዲት የጎንደር ሴት በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይታለች። ከቀን ወደ ቀን የተማረችው የዕቃ ጥበብ በመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። በአገር ቤት የታወቀው «ላቀች» ምድጃ፣ የኬንያው «ጂኮ» ዘመድ፣ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ በመሆኑ ሙቀት ያቆያል፤ ከሰልም ይቆጥባል፤ ለመንገድ ግን ይከብዳል፤ መኪና ሲያንገጫግጨው ሸክላው ይሰነጠቃል። ተራው የላሜራ ምድጃ ከሰል ይፈጃል፤ ሆኖም ቢወድቅ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ የጎበጠውንም በድንጋይ መትቶ ማቃናት ይቻላል። እርሷ የመረጠችው ይህንኑ ነው። በጀበናው ላይ ግን አእምሮዋ ሌላ ፈረደ። በካርቱም የብረት ጀበና በየሱቁ ሞልቶ ሳለ ከሸክላው አልተለየችም። ለቡና ሲሆን ምክንያት አይጠየቅም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ስዑር ነበር። በማግሥቱ ፋሲካ ስለሚውል በየኢትዮጵያውያኑ ቤት ሽንኩርት ተከትፏል፤ ዶሮ ተገዝቷል፤ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶችም የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት በመጾም ላይ ነበሩ። በዚያች ጠዋት በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ተከፈተ። ከቀናት በኋላ ለመውጣት ሲወሰን ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ለፍርድ ቀረበ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ቀረ፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ቢሆንም መብራት በሌለበት አገር ሸክም ብቻ ነው። የጋዙ ሲሊንደርም ቀረ፤ ሰው በተፋፈገበት መኪና ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ጋዝ ይዞ መሳፈር ከጥይት የማይተናነስ አደጋ ነበር። የተያዙት የላሜራው ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያው፣ አንዲት ክዳን ያላት ብረት ድስትና ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል ናቸው። ጀበናው በነጠላ ተጠቅልሎ ድስቷ ውስጥ ገባ።

«እታለም፣ ይህ ሸክላ ይቅርብሽ፤ መሰበሩ አይቀርም» አለቻት አብራት የምትኖረው ልጅ።

«እስኪሰበር ድረስ ያፈላል» ስትል መለሰች።

በዋድ መደኒና በገዳሪፍ በኩል እስከ ገላባት ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በደህና ጊዜ የአንድ ቀን ጉዞ የነበረው ለእነርሱ አምስት ቀን ፈጀ። ምድጃው ዋጋውን ያሳየው እዚህ ላይ ነው፤ ምግብ ከማብሰል ይልቅ ያገለገለው ውሃ በማፍላት ነበርና። የሕፃናት ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ ለማያውቋቸው ሰዎች ጭምር ፈላበት። ሌሊት ሲበርዳቸው አንዳንዶች ፍሙን ወደ መኪናው እናስገባ ቢሉም ሴትየዋ እንቢ አለች። የከሰል ጢስ ባይታይም በተዘጋ ቦታ ይገድላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ምድጃ ይዞ ባይጓዝ ይሻለዋል። ከሰሉ ሊያልቅ ሲል እሳት የማይሻው ስንቅ፣ በሶውና ዳቦ ቆሎው፣ ተፈታ። የድሮ መንገደኞች ስንቃቸውን ደረቅ ያደረጉት ምድጃ ሳይጠፋ በማገዶ እጥረት ሳይሆን አይቀርም።

ጀበናው ከዶካ አልፈው ወደ ገላባት ሲቃረቡ አንገቱ ላይ ተሰበረ። ሁልጊዜም የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው።

የላሜራው ምድጃ ግን መተማን ተሻግሮ ጎንደር ገባ። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ በታች በ99 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ በላይ በ93 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ያው ምስር፣ በዚያችው ድስት፣ በዚያው ምድጃ ላይ እንደ ቀድሞው ቶሎ አልበስል አላት፤ ከሰሉ መጥፎ መስሏት ነጋዴውን ተቆጣች። ከገበያ አዲስ ጀበና ገዛች። አዲስ ጀበና ደግሞ መሟሸት አለበት፤ አተላው እየተጨመረበት ደጋግሞ ይፈላል፤ ይደፋል። ጎረቤቶቿ የካርቱምን ወሬ ለመስማት ተሰብስበው ሳለ በመጀመሪያው ቀን ያቀረበችላቸው ሻይ ነበር፤ ቡናው ገና ጭቃ ጭቃ ይል ነበርና።