ማሞ ቂሎ በቡና ወራት

ማሞ ቂሎን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማያውቅ ግን እናቴ እንደነገረችኝ ባጭሩ ልንገረው።

ማሞ የአንዲት ድሃ ሴት ልጅ ነው። እናቱ ሥራ ፈልግ ብላ ሰደደችው። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ሳንቲም ተከፈለው። በእጁ እያጫወተ ሲመጣ መንገድ ላይ ጣለው። እናቱ፣ «ኪስህ ውስጥ አትከተውም ነበር?» አለችው። በማግስቱ የተከፈለው ወተት ነው። ማሞም እንደተመከረው ወተቱን ኪሱ ውስጥ ገለበጠው! «በራስህ ተሸክመህ አታመጣም ነበር?» አለችው። በሦስተኛው ቀን ቅቤ ሰጡት። በጠራራ ፀሐይ በራሱ ተሸክሞት ሲመጣ ቀልጦ በፊቱ ወረደ። እናቱ ምርር ብሏት፣ «ከእንግዲህ የሚሰጡህን በትከሻህ ተሸከም» አለችው። በአራተኛው ቀን አህያ ሰጡት።

አህያውን በትከሻው ተሸክሞ ሲንገዳገድ፣ ስቃ የማታውቅ የሀብታም ልጅ አየችው። በሳቅ ፈረሰች። አባቷም ደስ ብሎት ለማሞ ዳራት።

እኔ ይህን ተረት የሰማሁት ከአጋሮ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። እናቴ ጀንፈል እየለቀመች በኦሮምኛ ታወራልናለች። ከመስከረም መጨረሻ፣ እሸቱ መቅላት ሲጀምር፣ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቅርጫት ከእኛ አይለይም ነበር። ጦጣው ከላይ ይለቅማል፣ እኛ ከታች። ጦጣው ግን ሚዛን ቤት አይሄድም፤ የለቀመውን እዚያው ይበላል። እኛ ወደ ሚዛኑ እንሄዳለን። ያ ሚዛን ደግሞ የልጅ ቡና ሲሰቀልበት ሁልጊዜ ይቀልል ነበር።

ጥቅምትና ኅዳር ብዙ ልጆች ከትምህርት ቤት ይጠፋሉ። አስተማሪው ስም ሲጠራ ለግማሹ ስም «አቤት» የሚል የለም።

ታዲያ የራበው ልጅ ስለ ተራበ ልጅ ሲነገረው ለምን ይስቃል? ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኛ በማሞ ድህነት አልሳቅንም። ድህነቱንማ እናውቀዋለን፣ እቤታችን አለ። የሳቅነው ወተቱ ኪሱ ውስጥ ሲገባ ነው። ልብ በሉ፣ ማሞ ሰነፍ አይደለም። በየቀኑ ሥራ ይወጣል። የተባለውንም ይሰማል። ጣጣው ምክሩ ሁልጊዜ ለትናንት መሆኑ ነው። እናቲቱም ብትሆን ከልጇ ብዙ የምትሻል አይመስለኝም። አንድ ቀን እንኳ «ነገ የሚከፈልህ ምንድን ነው?» ብላ አልጠየቀችውም። እኛ ልጆቹ ግን ጥፋቱ ከመምጣቱ በፊት እናየውና እንጮህ ነበር። ቀኑን ሙሉ «አንተ ምን ታውቃለህ» ሲባል ለዋለ ልጅ፣ ማታ ከአንድ ትልቅ ሰው ቀድሞ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ማሞ ባሕር ተሻግሯል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባል የነጌሌ ቦረና ሰው በአሜሪካ አገር፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ይሠራ ነበር። በዚያ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢፈልግ አጣ። ስለዚህ የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 አሳተመ። በኋላም አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ አካባቢ ደግሞ መጻሕፍቱ በአህያ ጋሪ ወደ ልጆቹ ይሄዱ ነበር። በተረቱ ማሞ አህያ ይሸከማል፤ በሐዋሳ አህያው መጽሐፍ ይጎትታል። አህያው እድገት አግኝቷል ማለት ነው።

እኔም ዛሬ እናቴ እንደነገረችኝ በደብተር ጽፌው፣ ማታ ማታ ለጎረቤት ልጆች አነባለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ወተቱ ጋ ስደርስ ትንሽ አቆማለሁ። ባለፈው ግን ሳንቲሙ እንደ ጠፋ አንድ ልጅ አስቆመኝ። ቀኑን ቡና ሲለቅም የዋለ ነው።

«እናቱ በዚያ ማታ ምን በላች?» አለ።

ተረቱ ይህን አይናገርም። አንዷ ቶሎ ብላ፣ «ጎደሬ ነዋ!» አለች።

«ጎደሬው በምን ተገዛ? ሳንቲሙን ጥሎት የለ እንዴ!»

«ከጓሮ ነቅላ።»

«ጓሮ ካላቸው ለምን ሰው ቤት ይሠራል?»

ሲከራከሩ መሸ። በዚያ ማታ ወተቱ ጋ አልደረስንም።