በደቃቅ ፊደል የተጻፈ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። የእናቴ በሽታ ስሙ የተጻፈው ግን በሳሙና ዕቃ ጀርባ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነው።

እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችን። አምና ደንበኞቿ ፈሳሽ የልብስ ሳሙና እየገዙ ይሰጧት ጀመር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጣቶቿ ቀሉ፣ አሳከኳት፣ ውሃ ቋጠሩ፣ ከዚያም ተሰነጣጠቁ። ጎረቤት «ምች ነው» አለ፤ ዳማከሴ ታሸች። አንዲት ደንበኛዋ ግን «ይተላለፋል» ብላ ልብሷን ከለከለቻት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እናቴን ከቁስሉ ይልቅ ያስለቀሳት ይሄ ነው።

የቆዳ ሐኪሙ «የምትጠቀሚበትን ሁሉ ይዘሽ ነይ» አላት። አብሬያት ሄጄ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ሐኪሙ አንዱ ስም ላይ አስቆመኝ፦ ሜቲልአይሶታያዞሊኖን። ምላስ ይሰብራል አይደል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ያለበት ሻምፑ፣ ቅባትና ፈሳሽ ሳሙና በባክቴሪያና በሻጋታ እንዳይበላሽ ማቆያ ኬሚካል ይጨመርበታል። ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። የአንዳንዱ ሰውነት ግን አንዴ ከጠላው አይረሳውም። ሽፍታው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ምክንያቱን መጠርጠር ያስቸግራል። ለማረጋገጥ የተጠረጠሩትን ነገሮች በትንሽ በትንሹ ጀርባ ላይ ለሁለት ቀን ለጥፎ፣ ከዚያ ቆዳውን ደጋግሞ ማየት ነው። ከሰው ወደ ሰው ግን በጭራሽ አይተላለፍም።

ይህ ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ተብሏል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2017 ጀምሮ ተቀብተው በማይታጠቡ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል፤ በሚታጠቡት ደግሞ ከ0.0015 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል።

እናቴ በሐኪሙ ምክር ፈሳሹን ትታ በደረቅ ሳሙና ማጠብ ቀጠለች። በወሩ ገደማ እጇ ዳነ። ያቺ ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

እንግዲህ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች፣ የማያነብ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ አንባቢ ይፈልጋል። እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ የሳሙናውን ጀርባ ገልብጡና ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው። እጁ የቆሰለ ሰው ካያችሁም «ይተላለፋል» ከማለታችሁ በፊት «በምን ታጥበህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።