አንተ ወይስ እርስዎ?

«አንተ»ና «እርስዎ» ሲደባለቁ ማየት የፈለገ ጠዋት ሐዋሳ ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ይውረድ። ወጣቱ ዓሣ ሻጭ ሽበት ሲያይ «ፋዘር፣ ና፣ የዛሬ ነው!» ይላል። አክብሮቱ በጥሪው፣ ቅርበቱ በግሱ። አጠገቡ የምትጠብሰዋ ሴትዮ ግን «አባባ፣ ይቀመጡ» ትላለች፤ እውነቱን ለመናገር፣ ዋጋዋም ከእርስዎታዋ ጋር ከፍ ያለ ነው።

በሲዳምኛ ደግሞ ታላቅ ሰው ብቻውን ቢቆምም «ኪእኔ» ይባላል፣ «እናንተ» እንደማለት። የስፓኒሹ «ኡስቴድ»ም «ጸጋዎ» ከሚል የማዕረግ ጥሪ የወጣ ነው፤ ዛሬ ቦጎታ ላይ ባልና ሚስት ሳይቀሩ በእሱ የሚነጋገሩ አሉ። እኛ ቤት ባለቤቴ «እርስዎ» ካለችኝ ኩርፊያ ነው። ያን ቀን ራቴን ራሴ አሞቃለሁ።