የማን ቡና በማን ስም?

ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ቦንጋ አካባቢ ነው። እኛ ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣታችን ነበር፤ ጃቫ የምንችል ይመስለን ነበር። ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የእሸት ቡና መመዝገቢያ ሠራንና ሁለት ጸሐፊዎች እንዲጠቀሙበት አደረግን። ሦስት ገጽ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው የገበሬው ስም ይገባል፣ በሁለተኛው ኪሎው፣ ሦስተኛው ደረሰኝ ነው። ለብቻችን ስንሞክረው አንድም ቀን አላስቸገረንም።

ሥራ በተጀመረ ቀን ግን አንድ አባት 62 ኪሎ አስመዝነው በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ደረሰኝ ተሰጣቸው። ልጃቸው ባታነብላቸው ኖሮ ይዘውት ሊሄዱ ነበር። ካፋ ውስጥ የቡና ኪሎ ማለት የልጅ ደብተር፣ የቤት ቆርቆሮ ነው። እኛስ ምን አልን? «ጸሐፊዋ ተሳስታ ነው!» ልጅቷ በሰው ፊት ተቆጣች፤ አንገቷን ደፋች።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው የተምታታ ደረሰኝ መጣ። ይሄኛው ከሌላዋ ጸሐፊ ነበር። ያኔ ደነገጥን፤ ኮዳችንንም ከፈትን።

እስቲ እናስረዳችሁ። ኤችቲቲፒ የሚባለው የድረ ገጽ መገናኛ ትዝታ የለውም። ብሮውዘሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ከዚያ አይተዋወቁም። ስለዚህ ከገጽ ወደ ገጽ የሚሻገረውን የት እንደሚያስቀምጥ መወሰን የፕሮግራመሩ ዕዳ ነው። እኛ የገበሬውን ስም ያስቀመጥነው በሰርቭሌቱ ክላስ ቫሪያብል ውስጥ ነበር። ሰርቭሌቱ ደግሞ ለተጠቃሚው ሁሉ አንድ ነው። አንዷ ስም አስገብታ ኪሎ እስክትጽፍ ሌላዋ ሌላ ስም ካስገባች፣ የፊተኛው ገበሬ ቡና በኋለኛው ስም ይመዘገባል።

ማታ ቡና ላይ ተቀምጠን ነገሩ ይበልጥ ገባን። ሲኒው ለአንድ ጊዜ ነው፤ ጠጥተህ ትመልሳለህ። ሪኩዌስት ማለት ያ ነው። ጀበናው ከአቦል እስከ በረካ ከተቀመጡት ጋር ይቆያል፤ ሴሽን ነው። ምንጩ ግን የመንደሩ ሁሉ ነው። እኛ የአንድ ሰው ስም ምንጭ ውስጥ ጨምረን ነበር።

ስሙን ወደ ሴሽን አዛወርነው። ሰርቨሩ ለየብሮውዘሩ በኩኪ መለያ ቁጥር ስለሚሰጥ ሁለቱ ጸሐፊዎች ተለያዩ። ያም አልበቃም። አንዷ ሁለት ታብ ከፍታ ሁለት ገበሬ ጎን ለጎን ብትመዘግብ ሴሽኑ አንድ ነውና ስሙ እንደገና ይምታታል። በመጨረሻ የገበሬውን መለያ ቁጥር በፎርሙ ውስጥ በማይታይ ቦታ አድርገን ከኪሎው ጋር አብሮ እንዲሄድ አደረግን፤ ሰርቨሩም አጣርቶ ይመዘግባል። ሴሽን ውስጥ የቀረው የጸሐፊዋ ማንነት ብቻ ነው።

የአባትየው ሒሳብ ተስተካከለ። ጸሐፊዋን ይቅርታ ስንጠይቃት «እኔ እኮ ስጽፍ አይቼ ነበር» ብላ ዝም አለች።

ዛሬ ብዙው ሰው በስፕሪንግ ይሠራል። ስፕሪንግም ካልነገሩት በቀር ኮንትሮለሩን ለሁሉም አንድ አድርጎ ነው የሚፈጥረው፤ ያው ጉድጓድ አሁንም አለ ማለት ነው። ወዳጆቻችን፣ ሰው «እኔ አልተሳሳትኩም» ሲላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ኮዳችሁን ክፈቱ። እኛ ያልከፈትነው ግማሽ ቀን፣ ያቺ ልጅ አንገቷን ደፍታ ውላለች።