ማንን መጠበቅ፣ ምንን መከላከል?

«ፕሮቴክት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ከላቲን ቋንቋ የተወረሰ ነው፤ የጥንት ፍቺውም «ከፊት ሆኖ መሸፈን» ማለት ነው። ለዚህ ግሥ በአማርኛ አንድ አቻ ብቻ መፈለግ ግን ወደ ስሕተት ይመራል። ዘበኛ ግቢውን ይጠብቃል፤ ዛፍ መንገደኛውን ከፀሐይ ይከልላል፤ ወታደር ጠላትን ይከላከላል። እንግሊዝኛው ለሦስቱም ሊያገለግል ይችላል፤ አማርኛችን ግን እንደየሁኔታው ቃሉን ይለዋውጣል።

በመምህርነት ሳገለግል አንድ ቀን ተማሪዎቼ ስለ ክትባት የሚናገር አጭር የእንግሊዝኛ ምንባብ እንዲተረጉሙ አዘዝኳቸው። ከጎበዞቹ አንዱ «ክትባት ሕፃናትን ይከላከላል» ብሎ ጻፈ። ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ ሲያነበው ከክፍሉ ተቃውሞ አልተሰማም። «ልጄ፣ ክትባቱ የሚከላከለው ማንን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሕፃናትን» ሲል መለሰና ወዲያው ነገሩ ገብቶት ሳቀ። በጽሑፉ መሠረት በሽታዎቹ ሕፃናቱ ራሳቸው ሆነው ነበርና።

የስሕተቱ ምክንያት ግልጽ ነው። የእንግሊዝኛው ግሥ ተሳቢ የሚያደርገው የሚጠበቀውን ነው። «ተከላከለ» ግን፣ «ራስን መከላከል» እንደሚለው ካለ የተለመደ አነጋገር በቀር፣ ተሳቢ የሚያደርገው አደጋውን ነው። ስለዚህ «ክትባት በሽታን ይከላከላል» ወይም «ክትባት ሕፃናትን ከበሽታ ይጠብቃል» ማለት ይገባል።

ይህ ጥንቃቄ ለፈተና ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ በዓለም ጤና ጉባኤ ተበሠረ። ለዚህ ውጤት መድኃኒቱ ብቻውን አልበቃም። ከመንደር መንደር በእግር የተጓዙ ሠራተኞች የክትባቱን ጥቅም ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ነበረባቸው። ልጇን ለመርፌ የምትሰጥ እናት ልጇ ከምን እንደሚጠበቅላት በግልጽ ሊነገራት ይገባል። የተዛባ ዐረፍተ ነገር ጥርጣሬን ይወልዳል፤ ጥርጣሬም ሕፃኑን ያለ ክትባት ሊያስቀረው ይችላል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ጥበቃ ስትጽፉ ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድሙ፤ የሚጠበቀው ማን ነው? የሚጠበቀውስ ከምን ነው? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ትክክለኛውን ግሥ መምረጥ አይቸግራችሁም።