ስልኩን ከፈትኩት… ሴት ግን አላገኘሁበትም!

የዛሬው ጨዋታዬ የገዛ ገመናዬ ስለሆነ ስሜን አትጠይቁኝ። የእሱንም አልነግራችሁም። ሰፈሬን ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው ብላችሁ እለፉት።

እኔ ሳድግ ስልክ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። በግቢያችን ስልክ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፤ ማንም ተነስቶ እንዳይደውልበት መደወያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥላበታለች። ታላቅ እህቴን የሚፈልግ ወንድ መጀመሪያ የሚያገኘው የቤቱን እመቤት ነው። «ማን ልበል?» ይሉታል። «የክፍል ጓደኛዋ ነኝ፣ እትዬ» ይላል እየተንተባተበ። ከዚያ እኔ እላካለሁ። እህቴ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ትሮጣለች። እትዬ ቡና እየወቀጡ፣ ልጆቻቸው ዜና እያዩ፣ እሷ «እሺ… አዎ… እንጃ… እሺ» ብቻ ብላ ትዘጋለች። ልጁ ምን እንዳላት ማንም አያውቅም። ልጁ መኖሩን ግን ግቢው ሁሉ ያውቃል!

ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ቢሆንም እኛ ጓዳ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። እህቴ የመጀመሪያዋን ስልክ ስትይዝ ደግሞ የጽሑፍ መልእክት የለም፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የተከፈተው 2000 ዓ.ም. ሲገባ ነው። የካርድ ብርስ ከየት ይምጣ? እሷና ያ «የክፍል ጓደኛዋ» የሚስኮል ቋንቋ ፈጠሩ። አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ «አስቤሻለሁ»። ሁለቴ ከሆነ «በር ላይ ነኝ፣ ውጪ»። ሦስቴ ከሆነ «ሳንቲም የለኝም፣ አንቺ ደውዪ»። በዚህ ዓይነት ተጋብተው ሁለት ልጆች ወልደዋል፤ እንግዲህ ሚስኮልን አትናቁ።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከእሱ ጋር የተዋወቅነው መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሦስት ዓመት አለፈን። እኛ ሚስኮል አያስፈልገንም፣ ቴሌግራም አለ። ጠዋት «ተነሳሽ?»፣ ረፋዱ ላይ «ቢሮ ገባሁ»፣ ምሳ ሰዓት የሽሮው ፎቶ፣ ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ወሬ። ቀኑን ሙሉ አብረን የዋልን ይመስለኛል። ስንገናኝ ግን የምናወራው ያልቅብናል። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ሁለታችንም ጣታችን ስክሪን ላይ ነው። (ልብ ብላችሁ እንደሆነ በየካፌው እንዲህ የሚውሉ ጥንዶች እኛ ብቻ አይደለንም።)

ከጥምቀት ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ማስቀመጥ ጀመረ። ሲጠራ ያየዋል፣ ያጠፋዋል። አንዳንዴ «መጣሁ» ብሎ ውጪ ወጥቶ ያወራል። «ማነው?» ስለው «የሥራ ነው»። ሌሊት ስምንት ሰዓት ኦንላይን አየዋለሁ፤ ለእኔ ግን አይጽፍም። ለጓደኛዬ ነገርኳት። እሷ ደግሞ የዚህ ዓይነት ነገር ፕሮፌሰር ናት። «ስልኩን የሚደፋ ወንድ የሚደብቀው ነገር አለው» አለችኝ። በቃ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ እሑድ የተከራየበት ቤት ሄጄ ሳለ ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ። ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው። ለመክፈት በጣቱ የሚሥላትን ቅርጽ ካወቅኳት ቆይቻለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈትኩት። እውነቱን ልናገር፣ የሴት ስም ነበር የምፈልገው። አንድም የለም! ያገኘሁት ለወንድሙ የጻፈውን ነው። «ከሥራ ከወጣሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ለእሷ አልነገርኳትም። የዚህን ወር የቤት ኪራይ ብቻ ሸፍንልኝ።» ወደ ላይ ገፋሁት። «ቢሮ ገባሁ» የሚለኝ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ የሥራ ማመልከቻ ይጽፋል። ሲጠራ የሚያጠፋው አበዳሪ ነው። የቴሌብር መልእክቶቹንም አየሁ። ማክሰኞ ከወንድሙ 1,000 ብር ገብቶለታል፤ ረቡዕ ለእኔ የወር የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶልኛል። እኔ ያን ዕለት የመለስኩለት አንዲት የልብ ምልክት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስታ! ሴት የለችም! ከዚያ ሆዴ ተገላበጠ። ሴት ብትሆን እኮ የማደርገው አላጣም፤ እጮሃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ በሩን ወርውሬ እወጣለሁ። አሁን ምን ብዬ ልጩህ? «ሥራ ለቀሃል» ብለው «ማን ነገረሽ?» ሊለኝ ነው። ዳቦውን ይዞ ገባ፣ ሻይ አፈላን። «ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት፣ እንዲነግረኝ መንገድ ልክፈትለት ብዬ። «ይመስገን፣ ትንሽ ይበዛል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በዘዴ ላግዘው ሞከርኩ። «ጨጓራዬ ማኪያቶ እምቢ አለኝ» እያልኩ ሻይ አዘዝኩ። «ጥቅል አትግዛልኝ፣ ቢሮ ዋይፋይ አለ» አልኩት። ራይድ ልጥራ ሲል «በእግር እንሂድ፣ ወፍሬያለሁ» እለዋለሁ። እሱ ግን ምን ብሎ ቢተረጉመው ጥሩ ነው? የጠላሁት መሰለው! አንድ ቅዳሜ ፒያሳ ቁጭ ብለን «ተለውጠሻል» አለኝ። «ሌላ ሰው አለ እንዴ? እስቲ ስልክሽን ልየው።»

ክው አልኩ። ስልኬ ውስጥ ወንድ የለም። ያለው ለጓደኛዬ የጻፍኩት ነው፤ ሥራ ማጣቱ፣ ብድሩ፣ ኪራዩ… የሰውየውን ምስጢር አንድ በአንድ ዘርዝሬላታለሁ። ሳላስበው ስልኬን አነሳሁና ደፋሁት። አየኝ። ምንም አላለም። ዝርዝር ብር ቆጥሮ ሒሳብ ከፈለና ታክሲ አሳፈረኝ። «አንተስ?» ስለው «እዚህ የማገኘው ሰው አለ» አለኝ። በመስኮት ዞሬ ሳይ ቁልቁለቱን በእግሩ ይዞታል። ከፒያሳ ቤቱ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል።

ያን ማታ ቴሌግራም ላይ አልገባም። አራት ሰዓት ገደማ ስልኬ አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ። የእሱ ቁጥር ነው። ደግሞ ጠርቶ ተቋረጠ። የእህቴን የሚስኮል ታሪክ ነግሬው እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሆዱን ይዞ ነበር የሳቀው። ሦስተኛው ሲቋረጥ መልሼ ደወልኩ።

«ገባሽ?» አለኝ።

«ገብቶኛል» አልኩት።

ሁሉንም ነገረኝ። ከሥራ የወጣበትን ቀን፣ የተበደረውን፣ አብርሆት ቁጭ ብሎ «ቢሮ ነኝ» ብሎ ሲጽፍልኝ የሚሰማውን። እኔም እንደ አዲስ እየሰማሁ «እንዴ! መቼ?» እያልኩ ነበር፤ አፈርኩ፣ ግን አልኩት። ጀርባው እየቀለለው ሲሄድ በድምፁ ይታወቀኛል። የእኔ ጀርባ ነው የከበደው።

ስልኩን መክፈቴን እስካሁን አልነገርኩትም። ጓደኛዬ «ሞኝ አትሁኚ፣ ይዘሽው ሙቺ» ትላለች። እህቴ «ዛሬውኑ ንገሪው፣ ከሌላ ሰው ከሰማ አይምርሽም» ባይ ናት። እናንተስ? ምክራችሁን የምትልኩ ከሆነ ግን ቶሎ በሉ። እሱ ይቺን ጋዜጣ ሳይገዛም ቢሆን ተውሶ ማንበቡ አይቀርም፤ ሰፈሬን ያልነገርኳችሁም ለዚሁ ነው።