የቅድመ አያቴ እናት

ጥር 14 ቀን 2012፣ ሰቆጣ
ጥምቀት አልፎ ከተማው ረጋ ብሏል። የመጣሁት ለቅድመ አያቴ ነው፤ በጣልያን ወረራ ዘመን እዚህ ዋግ ውስጥ ተድራ፣ ወልዳ የኖረች ባላገር። አክስቴ ስሟንና የአባቷን ስም ነግረውኛል። እናቷ ማን እንደነበረች ግን ከቤታችን የሚያውቅ የለም።

ጥር 15
አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዱኝ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር የርስት ሙግት ይውሉ ነበር። የቅድመ አያቴን ስም ስነግራቸው፣ «የየትኛው ማሳ ናት፣ ልጄ?» አሉኝ። ደግነቱ አክስቴ ማሳውን በስም ያውቁታል፤ ጠራሁላቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው! ከእሷ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ እናቷ አባት፣ ከእሳቸው ደግሞ ወደ እናታቸው እያሉ፣ መሬቱን እስካቀኑት አባት ወጡ። ከላይ ያሉት ስሞች በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ናቸው፤ እያስደገምኩ ጻፍኳቸው።

ርስት በአባትም በእናትም ይጠየቅ ነበር። ተሟጋች አያቱንና ቅድመ አያቱን ዳኛ ፊት በስም ይጠራ ነበር፤ መሀል ላይ አንዲት ሴት ከተዘለለች መሬቱም ይቀር ነበር። የትልልቅ ሰዎች ዘር፣ ለምሳሌ የድንቅነሽ ምርጫ፣ በታሪክ መጻሕፍት ተጽፏል፤ የዐፄ ዮሐንስ እህት፣ በ1860 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት የዋግሹም ጎበዜ ባለቤት ነበሩ። የባላገሯን ዘር ግን ያቆየልን የማሳ ሙግት ነው። ይህን ሳስብ ለእነዚያ ተሟጋቾች ምስጋናዬ በዛ።

ጥር 16
ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን። የዋግ ሹሞች አስከሬን ያረፈው እዚህ ነው። ካህኑ የጠየቁኝ የቅድመ አያቴን የክርስትና ስም ነው፤ ሙት የሚታሰበው በእሱ ነውና። አላውቀውም ነበር። ለአክስቴ ደወልኩ፤ ከተዝካሯ ያስታውሱታል። ዘር የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ስም ይዞ ይምጣ።

ጥር 17
ቅድመ አያቴ የተዳረችበትን ዓመት ሽማግሌው በቁጥር አልነገሩኝም። «ደጃዝማች ኃይሉ በወደቁ ማግስት» አሉ። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ዋግን አስነሥተው ጣልያንን የተዋጉ፣ በመስከረም 1930 ተይዘው አንገታቸው የተቆረጠ አርበኛ ናቸው። ጠላት ጭንቅላታቸውን ለሕዝብ አሳየ። በዚያ ዓመት ነው እንግዲህ ሙሽራ የሆነችው። ማን ዘፈነላት ይሆን?

ጥር 18
በየካቲት 1967 መሬት የሕዝብ ሲሆን የርስት ሙግት ቀረ፤ ዘር የሚቆጥርም ቀረ። አሥር ዓመት ሳይሞላ የ1977 ድርቅ ዘር የሚያውቁትን በተናቸው። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ከአያቱ በላይ አይጠራም። ዛሬ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ጋብቻ ሲመጣ ብቻ ነው።

ማታ የጻፍኩትን ሳየው፣ ያሉት ሴቶች መሬት የተጠየቀባቸው ብቻ ናቸው። የቅድመ አያቴ እናት እህቶች አልነበሯትም? ሽማግሌውን ስጠይቃቸው «በእነሱ የተሟገተ የለም» አሉኝ። ወደ ድሃና የተዳረች አንዲት እንደነበረች ግን ሰምተዋል። ነገ እዚያው ድሃና ወዳለችው አምደወርቅ እሄዳለሁ።